ነጩ ነጠላ

ጥሩወርቅ የሽቦውን ቤት በር ከፈተች። ዘሯ ከጉና ተራራ ሥር ሊጠፋ የተቃረበው ባለዘውዷ የውሃ ወፍ ወደ ረግረጉ ወጣች። ከእንቁላል አስፈልፍላ ያሳደገቻት ጥሩወርቅ ናት። ሰው እንዳትለምድ ብላ፣ ስምንት ወር ሙሉ ከራሷ እስከ እግሯ በነጭ ነጠላ ተሸፋፍና፣ ትንፍሽ ሳትል ነበር የመገበቻት።

ወፏ ግን ወደ ውሃው አልሄደችም። አንገቷን መዝዛ ዳገቱን አየች። ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ነጠላውን እንደተከናነበ ወደ ረግረጉ ይወርድ ነበር። ጥሩወርቅ ክው አለች። ለካ ያስለመደቻት ያገሩን ሰው ሁሉ ነው! ወፏ ክንፏን ዘርግታ፣ እናቷን እንዳየች ሁሉ ወደ ሕዝቡ ሮጠች።

«ገብሳችንን የሚፈጁት የእቺ ዓይነቶቹ ናቸው!» ብሎ አንዱ ገበሬ ድንጋይ ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

ጥሩወርቅ ቀደመችው። ነጠላዋን ጭቃው ላይ ጥላ፣ እሪ እያለች በወፏ ላይ ድንጋይ ወረወረች። ድምጿን ሰምታ የማታውቀው ወፍ በርግጋ ተነሳች፤ ከረግረጉ ማዶም ርቃ አረፈች።

«ምነው ልጄ፣ ያሳደግሻትን?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ጥሩወርቅ ነጠላዋን ከጭቃው አነሳች፤ ወፏ አይታ እንዳትመለስ ግን መልበስ ፈራች።