ሌሊት ያየው ቀንድ አውጣ

ብፅዓት ከጄኔቭ ያመጣችውን የባሕር እንስሳት መጽሐፍ ዙሪክ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ በተኛው ባሏ በአስረስ ጭን ላይ ዘረጋችው። አስረስ ቀይ ባሕር ውስጥ ሌሊት ጠልቆ ሲወጣ፣ «ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ አየሁ! ስሙን አላውቀውም፤ አብረን እንፈልገዋለን» ብሏት ነበር። በማግስቱ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰና አንደበቱ ተዘጋ፤ ለሕክምናም ወደ ዙሪክ ተወሰደ።

«ይኼ ነው?» አለችው፣ ሰማያዊውን እያሳየች። በግራ እጁ ገጹን ገፋው። ቢጫውንም፣ ባለ ነጠብጣቡንም ገፋ፤ ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ።

«አይዞህ የኔ ጌታ፣ እናገኘዋለን።»

ቀዩ ላይ ሲደርሱ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ብፅዓት በደስታ እጁን ሳመችው። እርግጠኛ ለመሆን ግን ቀጣዩን ገጽ ገለጠች። «ይኼስ?» እንደገና ነቀነቀ። «ይኼኛውስ?» አሁንም ነቀነቀ፤ ሥዕሉን ግን አላየም፣ ዓይኖቹ ከደከመው ፊቷ ላይ አልተነሱም። መቀጠሉም፣ መጽሐፉን መክደኑም አቃታት።