ጓዟን ያራገፈች ማንበቢያ

«እንዳትነኪው!» አለ ባሏ። እሷ ግን ነክታዋለች፤ የፕሮግራሙ ፋይል ከላፕቶፑ ላይ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«አይዞህ፤ ዋናው ቅጂ አለኝ» አለች፣ የተፈታታውን የደንበኛ ስልክ በክርኗ ገፋ አድርጋ። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ስልክ ጠጋኟ ከባሏ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቀው ተቀምጠዋል።

ባሏ የሬዲዮ ድራማ ደራሲ ነው። ዓይኑን ካመመው ወዲህ የሚያበራ ስክሪን ፊት ሲቀመጥ ራሱ ሊፈነዳ ይደርሳል። በእጁ የጻፈውንማ፣ ጽሕፈቱ ከመዝረክረኩ የተነሳ፣ ራሱም መልሶ አያነበውም። ይቺ ከላፕቶፑ ጋር የተያያዘችው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ግን ገጿ እንደ ወረቀት ነው፣ ዓይን አትወጋም። ችግሩ፣ መጻፊያ ፕሮግራም ሲጭኑባት «ቦታ የለም» ብላ አሻፈረኝ አለች። ያለው ምርጫ የፕሮግራሙን ጓዝ ላፕቶፑ ላይ ቀንሶ እንደገና መላክ ነው።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አለ ባሏ፣ ወደ ላፕቶፑ እየጠቆመ።

«የቀለም ዓይነት። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ...»

«ስክሪኗ ጥቁርና ነጭ አይደለም እንዴ?»

«እኮ! ለመላጣ ማበጠሪያ!» ሰረዘችው። የማያውቋቸው ቋንቋዎች መዝገበ ቃላትም ተከተሉት። ማውዝ ለሌላት ማንበቢያ የመጣው የማውዝ ቀስትም ሄደ። በሰረዘች ቁጥር ባሏ እንደ ኳስ ተመልካች ጭኑን ይመታል።

ፕሮግራሙን እንደገና ላከችው። ገባ! ከፈተችው፤ ገጹን ባዶ ሳጥኖች ሞሉት። አንድም ፊደል የለም። የባሏ እጅ ጭኑ ላይ ቀረ።

«ኧረ ጉዴ! ፊደላችንን ከቆሻሻው ጋር ጠርጌዋለሁ!» የአማርኛውን ፎንት ከዋናው ቅጂ አውጥታ መለሰችው፤ ፕሮግራሙንም ዳግም ላከችው። ከዚያ ኪቦርዱን ሰክታ ወደ እሱ አስጠጋችው። «በል የኔ ጌታ፣ ሀ ብለህ ጀምር።»

አንዷን ቁልፍ ተጫነ። ሁለቱም ማንበቢያዋ ላይ አፈጠጡ። ከዚያ «ሀ» ብቅ አለች፤ ጠቁራ፣ ጠርታ።

«እልል በያ!» አለና ራሱ እልል አለ። እሷ ትስቃለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ደግሞ ትስቃለች።

ቀና ስትል ባሏ አጠገቧ የለም ማለት ይቻላል። አጎንብሶ ይጽፋል።

«እኔን ነው? እኔን ነው ሌባ ያልከው?» አለ ድንገት፣ በሚጽፋት አሮጊት ቀጭን ድምፅ፣ ማንንም ሳያይ።

ስልክ ሊያሠራ የገባ ደንበኛ በሩ ላይ ክው ብሎ ቀረ። እሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ወንበሩን ለቀቀችና በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ወደ ደንበኛው ሄደች።