ቸኮል «አጥፊው» ያላት ነገር

«አፍሽን መያዝ ካቃተሽ ሱቁን ዝጊው።»

ሌንሳ ይህን ያለችው ሰው ፊት ነው... ኮፒ ሊያስደርጉ በተሰለፉ ሰዎች ፊት።

የእፀገነት እጅ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ለቡ መብራት ኃይል፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ ማመልከቻ የምትጽፈው እፀገነት ናት። ያቺ ትንሽ ሱቅ የቆመችው ሰው ጉዳዩን አምኖ ስለሚሰጣት ነው። ሌላ ምን አላት ልጆቼ...

ሌንሳ አለቃዋን የምትከስበትን ማመልከቻ እሷ ጋ አስጽፋ ነበር። ገና ለበላይ ሳታስገባው አለቃዋ ቢሮው ጠርቶ፣ ከማመልከቻው እየመዘዘ ቃል በቃል ነገራት።

«ከእኔና ካንቺ በቀር ማን አየው?» አለቻት ሌንሳ።

እፀገነት ለማንም አልተነፈሰችም... ግን ማን ይመናት?

ሳይመሽ ወሬው ላፍቶ ደረሰ። በማግስቱ ሰው በሯን እያለፈ ሌላ ቤት ማስጻፍ ጀመረ።

አሁን ደግሞ ስለ ቸኮል ልንገራችሁ።

ደጉ ቸኮል... ኮምፒውተሯን የሚጠግንላት። ክፍያ ስትሰጠው «ተይ እንጂ እህትዓለም» እያለ እጇን የሚመልስ።

ፕሪንተሩ እምቢ ያላት ጊዜ፣ ከቤቱ ሆኖ የሚያስተካክልላትን ፕሮግራም ጫነ። ሲጨርስ ነቅዬዋለሁ አላት።

ከዚያ ወዲህ ግን አንቲቫይረሱ እረፍት ነሳት። ኮምፒውተሩን በከፈተች ቁጥር ቀይ ሳጥን ብቅ ይላል... የተነቀለ ፕሮግራም ያስቀረው ፋይል አለ፣ እዪው ይላታል።

ቸኮልን ስትጠይቀው፣ ፕሮግራም ሲነቀል ትርፍራፊ ይቀራል፣ ጉዳት የለውም ብሎ ያረጋጋታል። እውነትም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። እሷም ሳጥኑን እየዘጋች ኖረች።

ሱቋ ጭር ባለበት በዚያ ቀን ቀዩ ሳጥን እንደገና መጣ።

ለቸኮል ደወለች። ታክሲ ውስጥ ነበር፣ ረዳቱ «ላፍቶ፣ ላፍቶ» እያለ ይጣራል።

«ኧረ አጥፊውና ተገላገይ» አላት... ስልኩ ተቋረጠ።

የእኛን ቋንቋ ታውቁታላችሁ። መብራትም ይጠፋል፣ ፋይልም ይጠፋል።

እፀገነት ፋይሉን ያላት መሰላት። አጠፋችው።

ኮምፒውተሩን ዘግታ ስትከፍተው... ተመልሶ መጥቷል።

አሁን ብግን አለች። ከተነቀለ ማን ነው መልሶ የሚተክለው?

ሳጥኑ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ይናገራል። ስንቴ ሳታነበው ዘግታዋለች... ሄዳ ከፈተችው።

ትርፍራፊ አይደለም። ያው ተነቀለ የተባለው ፕሮግራም ነው፣ ሙሉው፣ ስሙን ቀይሮ ቁጭ ብሏል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ከወዲያ የተቀመጠ ሰው የምትጽፈውን ሁሉ ያያል።

በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ኢንተርኔቱን ነቀለች። ከዚያ በአንቲቫይረሱ ከነሥሩ አስወጣችው... ቀዩ ሳጥን ዝም አለ።

ቸኮልን ግን ለመጠርጠር ልቧ እምቢ አለ። ምናልባት ሌላ ሰው በእሱ ፕሮግራም ገብቶ ይሆናል ብላ አሰበች።

ሌንሳ ከሥራ ስትወጣ መንገድ ላይ ጠበቀቻት።

ሌንሳ ፊቷን አዞረች። እፀገነት ዞራ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ሱቄን አልዘጋም። ነገ ጠዋት ነይና የሆነውን በዓይንሽ እዪ። ካላመንሽኝ ያኔ ስደቢኝ።»

ሌንሳ መጣች። ከኮፒ ማሽኑ ጀርባ ተቀምጣ ፎቶውን እያየች ሳለ ቸኮል ሰተት ብሎ ገባ። ሰላምታ እንኳ የለው።

«ምን ነካሽ አንቺ? አጥፊው ያልኩሽ አንቲቫይረሱን እኮ ነው። ፕሮግራሙን ለምን አጠፋሽው?»

እፀገነት ቀስ ብላ ቀና አለች።

«መጥፋቱን ማን ነገረህ ቸኮል?»

ቸኮል ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ ወረወረ።

«እኔ አልነገርኩህም» አለችው። «ከወዲያ ሆኖ ሲያየኝ የነበረ ሰው ነው ትናንት ድንገት የጨለመበት።»

ሌንሳ ከማሽኑ ጀርባ ብድግ አለች።

«አንተን አለቃዬ ቢሮ አይቼሃለሁ። ታናሽ ወንድሙ አይደለህ እንዴ?»

ለካ ክፍያ አልወስድም የሚለው ወዶ አይደለም... የሚወስደውን በሌላ መንገድ ይወስድ ነበር።

ቸኮል ወደ ኋላው እያፈገፈገ ወጣ።

ሌንሳ እንባዋ መጣ። እፀገነትን ልታቅፋት እጇን ዘረጋች።

እፀገነት ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ሰው ፊት ነው ያዋረድሽኝ እህቴ። ሰው ፊት መልሺልኝ።»

ሌንሳ በሩ ላይ ወጥታ ቆመች። ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሁሉ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች... ስህተቷን፣ የእፀገነትን ንጽሕና፣ የቸኮልንም ሥራ።

ከዚያ ገብታ ወንበር ሳበች።

«ማመልከቻዬን እንደገና ጻፊልኝ። አሁን ወንድሙም ይግባበት።»

ልጆቼ... ደጋግሞ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ሲያሰለቻችሁ አፉን አትዝጉት። አትደንግጡ። ፋይሉ የት እንደተቀመጠ፣ የማን እንደሆነ እዩት። ትርፍራፊ ከሆነ ጥረጉት፣ ካልሆነ ከነሥሩ ንቀሉት። «ዝም በይው» የሚላችሁን ደግ ሰው ደግሞ፣ ዝም ብትሉ ማን እንደሚጠቀም ጠይቁት።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ በእፀገነት ቦታ ብትሆኑ ሌንሳን እዚያው ታቅፏት ነበር ወይስ እንደ እሷ «ሰው ፊት መልሺልኝ» ትሉ ነበር? 👇