ሽማግሌ በጀልባ

ደምሴ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ አሰብ እስኪደርስ ዓይኑን ከልጁ ላይ አልነቀለም። ተራራው፣ በረሃው፣ ግመሉ ሁሉ በመስኮት አለፈ። እሱ አልማዝን ሲጠብቅ መንገዱ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በሮቢ ወንዝ ዳር ባለችው ቤት የቀሩት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ደምሴ ሽንኩርት ይተክላል፤ አልማዝ ታስተምራለች፤ ማታ ማታ እየተበሻሸቁ እራት ይበላሉ። እሷ ካገባች ከማን ጋር ሊበሻሸቅ ነው? ከሽንኩርቱ ጋር? ስለዚህ ልጁን ለማንም ላይሰጥ ቆርጧል።

በኅዳር ሐጂ አብዱልወሃብና አቶ ይልማ ዘንጋቸውን ይዘው ደጁ ላይ ቆሙ። በዚያ አገር እርቅም ሆነ ጋብቻ ያለ እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች አይሆንም። ደምሴ ሰላምታቸውን እንኳ ሳያስጨርስ በጓሮ በኩል ማሽላው ውስጥ ገባ። በታኅሣሥ ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ ጋቢውን ተከናንቦ "ወባ ይዞኛል" አለ። አልማዝ ሸኝታቸው ስትመለስ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር።

"አባባ፣ ምን እንደፈለጉ እንኳ አትጠይቅም?"

"ሽማግሌ ዘንግ ይዞ ደጅ የሚቆመው ሽንኩርት ሊገዛ ነው?" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በጥር ተክሌ የሚባል የደብረ ሲና ጎረምሳ መጣ። ፈረንጆችን ባሕር ድረስ እየወሰደ የሚያስጎበኝ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ የሚያንጠለጥል፣ ፀጉሩን በማበጠሪያ ለሁለት የሚከፍል ልጅ ነው። "ፈረንጅ ያየውን ባሕር የአገሬም ሰው ይየው" ብሎ አውቶቡስ አመጣ። አልማዝ መጀመሪያ ተመዘገበች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ደምሴም ተከተላት።

አውቶቡሱ ውስጥ እነማን ቀድመው ተቀምጠዋል? ሐጂ አብዱልወሃብና አቶ ይልማ!

ተክሌ ወንበር አደላደለ፤ አልማዝን ከፊት፣ ደምሴን ከኋላዋ፣ ከራሱ ከተክሌ አክስት ከእትዬ የሺ ጎን። የሺ ባሏ ከሞተ ወዲህ ተክሌን ብቻዋን ያሳደገች፣ ስትስቅ አውቶቡሱን ሁሉ የምታስቅ ሴት ናት። መኪናው ገና አጣዬን ሳያልፍ አገልግሏን ፈታች።

"ጋሼ ደምሴ፣ በሞቴ ይቺን ይጉረሱ።"

በሆዴ ሊይዙኝ ነው፣ አለ በልቡ። ቢሆንም ጎረሰ። ድገሙ ሲባልም ደገመ፤ በርበሬው ልክ ነበር።

"ሌሊት ያንኮራፋሉ?" አለችው።

"ኧረ እኔ! በቤታችን የሚያንኮራፋ የለም!"

ይሄኔ የዘር በሽታ እያጣሩ ነው፣ ብሎ ጥርሱን ነከሰ።

ባቲ ላይ ለምሳ ሲወርዱ ጥርጣሬው ሁሉ እውነት ሆነ። አቶ ይልማ ጎኑ ተቀመጡና የአባቱን አባት፣ የአያቱን አባት እያሉ እስከ ሰባት ቤት አስቆጠሩት። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ እንደሆነ ማን ይጠፋዋል? በእናቱም በኩል አስቆጠሩት። የሟች ባለቤቱን ወገን፣ የማጀቴን ባላባቶች ሊዘረዝር ጉሮሮውን ሲጠርግ ግን "ይበቃል" ብለው ተነሡ። ደምሴ እጅግ ተናደደ። የሚኮራበት እኮ እሱ ነበር!

አሰብ ሲደርሱ ባሕሩ ንዴቱን አስረሳው። ያ ሁሉ ውሃ! ደምሴ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ፣ በመዳፉ ዘግኖ ቀመሰ፣ ተፋ።

"ይህን ሁሉ ጨው ማን ነው እዚህ ያባከነው?"

የሺ በሳቅ ፈርሳ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። እሱም አብሯት ሳቀ።

በማግስቱ ተክሌ ፊሽካውን ነፍቶ ሁሉንም በሞተር ጀልባ ጫናቸው፤ ደሴት ሊያሳያቸው ነው። ጀልባይቱ እንደ ሰካራም ትወላገድ ጀመር። ሐጂ "ያ ረቢ!" አሉ፤ አቶ ይልማ ማርያምን ጠሩ። ደምሴ ደግሞ ያገኘውን ነገር ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ የጨበጠው የየሺን እጅ ነው። ሊለቅ አሰበና ማዕበል መጣ። እንደገና አሰበ፤ እንደገና መጣ። እንዲህ ደስ ብሎት ስለማያውቅ ያንን ሁሉ ጊዜ አልማዝን ዞር ብሎ አላያትም።

ጀልባይቱ ደሴቱ ላይ አራግፋቸው ተመለሰች። "ከሰዓት በኋላ ትመጣለች" አለ ተክሌ፣ ከአልማዝ ጋር እየተጣቀሰ።

ሽማግሌዎቹ አሸዋቸውን አራገፉ። ዘንጋቸውን አነሡ። ጎን ለጎን ቆሙ።

ደምሴ ዙሪያውን ቃኘ። ማሽላ የለም፤ ጓሮ የለም። እግሬ አውጪኝ አለ! በባሕሩ ዳር ሮጠ፣ ወፎቹን በተነ፣ ጫማውን ጣለ፣ ሮጠ፣ ሮጠ። ደሴቲቱ ግን የአንድ ሰው ማሳ የምታህል ነበረችና ዞራ ዞራ እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት መለሰችው። አልተነቃነቁም ነበር።

"ቁጭ በሉ እንጂ" አለ እያለከለከ።

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ አቶ ይልማ።

የሺ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ደምሴ እንባው መጣ።

"አልሰጥም! ሌላ ማን አለኝ? እሷ ከሄደች ያንን ቤት ብቻዬን ምን ላደርገው ነው? ገደል ብትሰዱኝ ልጄን አልሰጥም!"

"ወላሂ ደምሴ፣ አንተን ማን ለመነህ?" አሉ ሐጂ አብዱልወሃብ፤ ወደ አልማዝም ዞረው እጅ ነሡ።

"ልጄ፣ በእግራችን ቆመን እንለምንሻለን፤ አባትሽን ለየሺ ስጪን።"