ያልተሞከረው ወንበር

የአናጢው አያት ከአንድ ግንድ የፈለፈሉትን በርጩማ ሲያስረክቡ፣ ጥንካሬውን ለማሳየት ቢቀመጡበት ያዘዙት ፊታውራሪ በጥፊ አጮሏቸው። ከዚያ ወዲህ በእነሱ ቤት፣ በሠሩት ላይ ተቀምጦ መሞከር ቀረ። አባቱ ለበርጩማው መደገፊያ ጨመሩለት፤ እሱ ደግሞ ክንድ ማሳረፊያና ቆዳ። ጥፊዋ ብቻ ሳትሻሻል ከአባት ወደ ልጅ ወረደች። አባቱ ሲሞቱ እንኳ «ያቺን ጥፊ አደራ» ነበር ያሉት።

ዘንድሮ የፊታውራሪው ልጅ፣ አቶ አስፋቸው፣ ለሰማንያኛ ዓመት ልደታቸው ወንበር አዘዙት። ከሠራቸው ሁሉ የሚያምረውን ሠራላቸው። ሲጨርስ የኋላ እግሮቹን እስከ ግማሽ ድረስ በመጋዝ ገዘገዘና በሰም ደፍኖ ቀለም ቀባቸው።

በድግሱ ዕለት ሊያይ በር አጠገብ ቆመ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ወንበሩ ዘንድ እንደ ደረሱ ወደ እሱ ዞሩ።

«ና ልጄ፣» አሉት። «አባቴ አያትህን መትተው ያስነሷቸው ዕለት ሕፃን ሆኜ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ቀድመህ አንተ ተቀመጥበት።»

እንግዳው አጨበጨበ። ሽማግሌው ክንዱን ይዘው ወስደው አስቀመጡት። እሱ ግን ጫፉ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ምነው፣ ዘና ብለህ ተደገፍ እንጂ» አሉና በፍቅር ደረቱን ገፋ አደረጉት።