የይርጋለም ሽማግሌዎች

«ልጄን አልድርም» አለ አራጋው፤ እኛ ገና አፋችንን አልከፈትንም ነበር።

ሦስት ሆነን ቤቱ ውስጥ ቆመናል። ኦቦ ዋቅወያ እንደ ወለጋ ወግ እርጥብ ሣር በእጁ ይዟል፤ ሼህ ካሊድ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ እኔ ፈይሳ ደግሞ ዕድሜ ልኬን አውቶብስ የነዳሁበት ጉልበቴ እየጠዘጠዘኝ ግድግዳ ተደግፌያለሁ። አራጋው ተቀመጡ ቢለንም ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ወሎዬው አራጋው ይህን ከእኛ እኩል ያውቃል፤ ለዚህ ነው ገና ስንገባ የደነገጠው። እሁድ ከሰዓት ሽማግሌ ሣር ይዞ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ካለችበት ቤት ሲመጣ ሌላ ምን ይታሰባል?

ማንም ይሁን የላካችሁ፣ ማትሪክ ሳትወስድ ስለ ባል አይወራም ብሎ ቀጠለ። ማትሪኩን ዘንድሮ ትወስዳለች፤ ከዚያ በኋላ እሷ ያለችው ይሆናል አለ። እኔ በልቤ እሰይ አልኩ። ለሴት ልጁ ትምህርት እንዲህ የሚቆጣ አባት እዚህ ባኬ ጃማ ሰፈር ብዙ አላየሁም። ግን የላከችን ማን እንደሆነች ስለማውቅ ሳቄም መጣ፣ ፍርሃቴም መጣ።

«አራጋው፣ የላከን ወንድ አይደለም» አለ ዋቅወያ። «ኢንተለ ኬ ናት። የገዛ ልጅህ ናት የላከችን።»

«አበስኩ ገበርኩ» ብሎ አራጋው በርጩማው ላይ ዘጭ አለ።

አልፈረድኩበትም። ሽማግሌ ሚስት ለመጠየቅ ይላካል፣ የተጣላ ለማስታረቅ፣ ደም ለማድረቅ ይላካል። ፈተና ለማቆየት ሽማግሌ ሲላክ ግን እኔም ሰምቼ አላውቅም። ልጁ ይርጋለም በሬን አንኳኩታ ስትለምነኝ መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

ጉዳዩን ነገርነው። ጊዳ አያና የነበረው ትምህርት ቤቷ በግጭቱ ጊዜ ተዘግቶ ከርሟል። እናቷ ሞታ፣ አባትና ልጅ ሁለቱ ብቻቸውን ነቀምቴ ከገቡ በኋላ አሥራ አንደኛን በጥቂት ወራት አሩጠው አሳለፏት። ለዘንድሮው ማትሪክ ምዝገባው ነገ ያበቃል፤ እሷ ግን አልመዘገብም ትላለች። በሚመጣው ዓመት ጠዋት ከአሥራ አንደኛዎቹ ጋር፣ ከሰዓት ከአሥራ ሁለተኛዎቹ ጋር ተቀምጣ፣ ያመለጣትን ተምራ ልትፈተን ነው ሐሳቧ። ርዕሰ መምህሩን ራሷ አነጋግራ እሺ አሰኝታለች። የቀረው አባቷ ቢሮ ቀርቦ መፍቀዱ ነው። ሼህ ካሊድ በመጨረሻ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አንድ ዓመት ስጣት» ብለው ልመናውን ዘጉ።

አራጋው ተቆጣ። የተናገረው ግን እውነት ነበር፤ እኔን ያስፈራኝም እውነትነቱ ነው።

«የዛሬ ዓመት የሚል ሰላም ያየ ሰው ነው። እኛ የዛሬ ዓመት ብለን ያሳደርነው ሁሉ የት ደረሰ? በሩ በተከፈተበት ቀን ነው መግባት።»

ሼህ ካሊድም ከዚያው ከአያና ተፈናቅለው የመጡ ናቸውና የሚያወራውን ያውቁታል። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ያን ጊዜ ይርጋለም ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። በወጉ ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ አይታይም፤ እሷ ግን አላስቻላትም። ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል።

«አባ፣ ከተማርኩት የሳትኩት የለም» አለች። «መለማመጃዎቹን አይተሃቸዋል። የሳትኩት ያልተማርኩትን ነው፤ እሱ ደግሞ የፈተናው ግማሽ ነው። ዘንድሮ ብቀመጥ እወድቃለሁ። ያን ጊዜ ሰነፍ ነበረች ይባላል እንጂ ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ ነበር አይባልም።»

ጓደኞቿ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሊፈተኑ እየዘፈኑ አውቶብስ ሲሳፈሩ እሷ እዚህ ልትቀር፣ በዕድሜ ከሚያንሷት ተማሪዎች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ልትቀመጥ ነው የምትለምነው። መንገድ ላይ ያየሁት ሰው ሁሉ ለመቅደም የሚሮጥ ነው። መንገዱ እስኪጠራ መቆም ምን ያህል ወኔ እንደሚጠይቅ ሹፌር ያውቃል፤ ይህችን ልጅ አደነቅኋት።

አራጋው ለምን ራሷ እንዳልነገረችው ጠየቃት። እሷ ብትለምነው ልጅ ናት ብሎ እንደሚያልፋት፣ ሽማግሌ ከለመነው ግን እስከ መጨረሻው እንደሚሰማ መለሰችለት። ዋቅወያ ሳቁን ለመደበቅ ዞር አለ።

«እሺ» አለ አራጋው። «ሽማግሌ ከላክሽ በወጉ እንነጋገር። በእኛ ዘንድ የለመነ ሰው ዋስ ይጠራል። የዛሬ ዓመት መንገዱ ቢዘጋ፣ ተስፋ ቆርጠሽ ትምህርቱን ብትተዪው፣ ዋስሽ ማነው?»

ዋሷ እኔ ነኝ ልል ከግድግዳው ተላቀቅሁ። ይርጋለም ቀደመችኝ።

«አንተ ነህ» አለችው። «ከአያና ስንሸሽ ጎተራ ሙሉ በቆሎ ትተህ የተሸከምከው የእኔን መጻሕፍት ነው። ትምህርት ቤት በሌለበት ጊዜ ተዪው ያላልከኝ፣ አሁን አታስተወኝም። ዋሴ አንተ ነህ፣ አባ።»

አራጋው የጋቢውን ጫፍ ወደ ዓይኑ ወሰደ። ወንድ ሲያለቅስ ሽማግሌ የሚያደርገውን አደረግን፤ መሬት መሬት አየን። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ መጥቶ አለፈ።

በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ርዕሰ መምህሩ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ቢሮ እንደሚገቡ ጠየቀ። የጠየቀው እኛን አልነበረም፤ ልጁን ነው።