ድምፁ የሚጠፋበት አቅጣጫ

የአብራሪዋ አባት አንቴናው ላይ ተቀምጠውበት ነው የመጡት። ከመኪናው ወርደን ሻንጣውን ስከፍት ዘንጎቹ ጎብጠዋል፣ አንዱ ከሥሩ ተሰብሯል። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ! ጉሙ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተራችንን አላስነሳ ብሎን በመኪና መጣን፣ አሁን ደግሞ አቅጣጫ የሚነግረን ዕቃ የለንም።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ነበር የተቀመጡት?»

«ትራስ መስሎኝ።»

ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። የኋላውን ወንበር ብቻቸውን ሞልተውት ነበር። አፌ ላይ የመጣውን ልለቀው ስል ፊታቸውን አየሁና ዋጥኩት። የወደቀችው ልጃቸው ናት። እርሻ ላይ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን ይዛ ጠዋት እንደወጣች አልተመለሰችም። አውሮፕላን ሲወድቅ በራሱ የሚነሳ የአደጋ ጠቋሚ አለ፤ እሱ እየጮኸ ነው። ጩኸቱን የያዘው ሳተላይት «እዚህ ተራራ አካባቢ» ብሎናል። አካባቢው ደግሞ እኛ የቆምንበት ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ በግራም ሸለቆ በቀኝም ሸለቆ። የቀረን ብርሃን ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ከተሳሳትን ልጅቱ በዚህ ብርድ ታድራለች፤ ተጎድታ ከሆነ ላታነጋ ትችላለች።

ሬዲዮውን ከፈትኩት። ዊውውው... ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተት ጩኸት፣ ደግሞ ከላይ ይጀምራል። አባትየው ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

«ልጄ ናት!»

«ማሽኑ ነው፣ ጋሼ።»

«እሷ ብትሞትም ይጮኻል?»

ውሸት አልችልበትም። «ይጮኻል» አልኳቸው። ሬዲዮውን ትክ ብለው አዩት። አንጀቴን በሉት።

አንቴና ሲሰበር የምናደርገው አንድ ነገር አለ። ሬዲዮውን ደረት ላይ ለጥፎ ቀስ እያሉ መዞር ነው። ገላ ሞገዱን ይጋርዳል፤ ስለዚህ ድምፁ ከሁሉም በላይ የሚደክመው ጠቋሚው ልክ ከጀርባ ሲሆን ነው። ዞርኩ። ጩኸቱ በየትም ያው ነው። ደግሜ ዞርኩ፣ ያው። የሥራ ባልደረቦቼ ስንጥር የሚሉኝ በከንቱ አይደለም፤ እኔ እንኳን ሞገድ ነፋስም አልጋርድ።

«ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ። የሰበሩትን ይካሱ።»

ሬዲዮውን አስታቀፍኳቸው። «በጣም በቀስታ ይዙሩ። ድምፁ ሊጠፋ ሲል ይቁሙ።» ኮምፓሴን ይዤ ጎናቸው ቆምኩ።

መዞር ጀመሩ። ጩኸቱ ገና መድከም ሲጀምር ግን መለስ ይላሉ። እንደገና ይጀምራሉ፣ እንደገና እዚያው ሲደርሱ ይመለሳሉ።

«ጋሼ!»

«እየጠፋች ነው እኮ!»

«እንድትጠፋ ነው የምንፈልገው!» ብዬ ጮህኩባቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

አልተቆጡም። «የኔ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከሷ የሰማሁት ይሄን ብቻ ነው» አሉኝ። «እንዴት ብዬ በገዛ እጄ ላጥፋው?»

ልቤ ስፍስፍ አለ። ኮምፓሱን ኪሴ ከትቼ ትከሻቸውን ያዝኩ። «አይጠፋም፣ ጋሼ። እርስዎ ነዎት የሚጋርዱት። ዞር ሲሉለት ይመለሳል። እኔ አለሁ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀስ አድርጌ አዞርኳቸው። ጩኸቱ ቀጠነ፣ ሰለለ፣ እንደ ትንኝ ሆነ። ከንፈራቸውን ነክሰው ቆሙ። በተጨፈነው ዓይናቸው ሥር እንባቸው ይወርዳል። ጀርባቸው ወደ ቀኙ ሸለቆ ነው።

«በቀኝ ነው!» አልኩ። ሾፌሩ መኪናው ጋ ቀርቶ ቃሬዛ ይዘው ከኋላ የሚመጡትን ባልደረቦቼን እንዲጠብቅ ነግሬው ከአባትየው ጋር ወረድን።

ገላጣ ቦታ ባገኘን ቁጥር ይቆማሉ፤ ሳልነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይዞራሉ። እኔ አቅጣጫውን አይቼ እቀድማለሁ። ወደ ሸለቆው ወለል ስንቃረብ ጩኸቱ በረታና ወዴትም ቢዞሩ አልደክም አለ። ደርሰናል ማለት ነው። ጉሙ ግን የራስን እጅ አያሳይም። እኔ ጆሮዬን ላቆም ስሞክር እሳቸው አላስቻላቸውም፣ በልጅነት ስሟ ተጣሩ። መልስ የለም። ደግመው ተጣሩ።

ጩኸቱ ቀጥ አለ።

ሳይደክም፣ ሳይሰልል፣ መሃል ላይ። አባትየው ባሉበት ዞሩ፣ መለስ አሉ፣ ደግመው ዞሩ። ሬዲዮው ሽሽሽ ብቻ ነው የሚለው።

«ጠፋች! አይጠፋም ብለሽኝ አልነበር? መልሽው! መልሽልኝ!»

ሬዲዮውን ከእጃቸው ወስጄ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካሁ። ደህና ነው። የጠቋሚው ባትሪ አልቆ ነው እንዳልል፣ ባትሪ እያቃሰተ ነው የሚያልቀው። ያኔ ገባኝ፤ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ማሽን በራሱ ይነሳል እንጂ በራሱ አይጠፋም።»

«ታዲያ?»

«ማጥፊያ አለው። ፈላጊ ሲደርስላቸው እንዲያጠፉት ነው አብራሪዎችን የሚያስተምሯቸው።»

አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። «ማን...» ብለው ጀመሩ፣ አልጨረሱትም። ያ ሁሉ ሰውነት ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደው። ድንጋይ ሲንከባለል፣ ቅርንጫፍ ሲሰበር እሰማለሁ።

«እንዳትነሺ! እንዳትንቀሳቀሺ የኔ እናት! መጣሁ!»

ከዚያ ድንገት ዝም አሉ። ሬዲዮውን አጥፍቼ ትንፋሼን ያዝኩ። ከጉሙ ውስጥ፣ ከታች፣ አንድ ቀጭን ድምፅ እየመለሰላቸው ነው።